የኒኬል ባትሪ ሞዴልሽ ቻርጅ ላይ ለምን ይስታል?

“ከፕሪየስ (የቶዮታ ሃይብሪድ መኪና) የወጣ ባለ 7.2 ቮልት፣ 6.5 አምፒር ሰዓት የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ሞጁል በሲሙሊንክ (የኮምፒውተር ማስመሰያ ፕሮግራም) ሞዴል አደረግኩ። ዲስቻርጁ ከልኬቱ ጋር ይገጥማል፣ ቻርጁ ግን ይርቃል። የቱን ፓራሜትር ላስተካክል?” ብለሽ ለጠየቅሽው።

እህቴ፣ የትኛውንም አትንኪ። እኔም ማስተርሴን የሠራሁት በዚሁ ላይ ስለሆነ ከመንከራተት ላድንሽ።

1. የሲሙሊንኩ ባትሪ ሞዴል ሼፐርድ የሚባል ተመራማሪ በ1965 ካወጣው ቀመር ተሻሽሎ የመጣ ነው። ፓራሜትሮቹ የሚወጡት ከዲስቻርጅ ከርቭ (ባትሪው ሲወርድ ቮልቴጁ የሚሄድበት መስመር) ነው፤ ቻርጁም ያው ነው ተብሎ ይታሰባል። ሰነዱ ላይ ተጽፏል፣ ማንም አያነበውም እንጂ። ዲስቻርጁ ቢገጥምልሽ አይግረምሽ፤ ፓራሜትሩን የወሰድሽውም ከዚያው ነው።

2. የኒኬል ባትሪ ያለፈበትን አይረሳም። ከባዶ ሞልተሽ ግማሽ ላይ ስታሳርፊው የሚያሳየው ቮልቴጅ፣ ከሙሉ አውርደሽ ግማሽ ላይ ስታሳርፊው ከሚያሳየው ይበልጣል። ለሰዓታት ብታሳርፊውም አይገናኙም። ሂስቴሪሲስ የሚሉት ይኼ ነው። ልዩነቱ በሴል ጥቂት አስር ሚሊቮልት ቢሆን ነው። ግን ከርቩ መሃሉ ጠፍጣፋ ስለሆነ፣ ያቺ ሚሊቮልት የቻርጅ መጠን ግምትሽን ገደል ትከተዋለች።

የኔ አማካሪ ግን “ለቻርጁም ለዲስቻርጁም አንድ የቮልቴጅ ሠንጠረዥ ይበቃል” ብለው ድርቅ አሉ። ሁለቱንም ለክቼ ላሳያቸው ብዬ መፈተሻ ማሽኑን ልወስድ ንብረት ክፍል ሄድኩ። ጉዱ እዚያ ነው። ማሽኑ ተቆልፎበት አቧራ ጠጥቷል፣ ሰውየው ግን “ደብዳቤ አምጣ” አለኝ። አመጣሁ። “ቁጥር የለውም።” ቁጥር አስገባሁ። “ማኅተሙ ደብዝዟል።” መጨረሻ ላይ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረልኝ። በእሱ ደሞዝ የተገዛ ነበር የሚመስለው!

ሁለቱ መስመሮች ተለያይተው አንድ ግራፍ ላይ ሲወጡ አማካሪዬ መነጽራቸውን አውልቀው ዝም አሉ። ከዚያ “ይኼን ዋናው ምዕራፍ አድርገው” አሉኝ። ዲፌንስ ላይም ጥያቄው የበዛው እዚሁ ላይ ነው፤ አንዱንም ሳልመልስ አላለፍኩም።

አንቺም ሁለቱንም ከርቭ ለኪ። ከዚያ ሞዴሉ በሁለቱ መሃል የት እንዳለ የምትነግርሽ አንዲት ስቴት (በጊዜ የምትለዋወጥ የሞዴሉ መጠን) ጨምሪ። ቻርጅ ሲሆን ወደ ላይኛው ከርቭ፣ ዲስቻርጅ ሲሆን ወደ ታችኛው ቀስ እያለች የምትሄድ። አንድ ዲፈረንሻል እኩልታ ይበቃታል።

3 ላይ ነበርኩ መሰለኝ። ባትሪው ሊሞላ ሲል የምትሰጪው ከረንት በሙሉ ለመሙላት አይውልም። ከፊሉ ኒኬሉ ፖል ላይ ኦክስጅን ያወጣል፤ ኦክስጅኑ ወደ ኔጌቲቩ ሄዶ መልሶ ይዋሃዳል፣ ትርፉ ሙቀት ነው። ቮልቴጁም ጫፍ ነክቶ ወረድ ይላል። ብዙ ቻርጀሮች “ሞላ” ብለው የሚያቆሙት ይቺን አይተው ነው። ከ6.5 አምፒር ሰዓት በላይ የገባ መስሎ ከታየሽም ምክንያቱ ይኼ ነው። ስለዚህ የኦክስጅኑን ሪአክሽን ከዋናው ጋር በትይዩ አስቀምጪ፣ ከረንቱን በታፈል እኩልታ (ከረንቱ ከቮልቴጁ ጋር እንዴት እንደሚያድግ በሚነግርሽ) ስጪው፣ የሙቀት እኩልታም ጨምሪበት።

የሙቀት መለኪያውን ቴርሞኮፕል ሞጁሉ መሃል ላይ ለጥፊው፣ ጠርዙን አየር ያቀዘቅዝብሻል። ማሽኑ ከንብረት ክፍል የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ደብዳቤውን ዛሬውኑ አስጽፊ፣ በሁለት ኮፒ፣ ማኅተሙ የሚነበብ።