ደንገሉን ቆርጣችሁ እዩት

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ከሥራዬ ብዙው የወባ ምርመራ ነበር። አሁን ጡረታ ላይ ሆኜ የሰፈር ልጆች ባዮሎጂ ሊጠይቁኝ ሲመጡ አንድ ነገር ያሳስበኛል። የሕዋስ ዓይነቶችን ዘርዝሩ ሲባሉ እንደ ውዳሴ ማርያም ይደግሙታል። «ለምን እንዲህ ሆነ?» ስላቸው ግን ዝም ይላሉ። ምክሬ አጭር ነው፦ ስሙን ከመያዛችሁ በፊት ነገሩን እዩት።

ባሕር ዳር እየኖሩ ይሄን አለማድረግ ያስቆጫል። ጣና ዳር ውረዱና ታንኳ ከሚሠሩት ሰዎች አንድ የደንገል (ሐይቅ ዳር የሚበቅል ሣር መሰል ረጅም ተክል) አገዳ ለምኑ። በምላጭ አግድም ቁረጡት። የላዩ አረንጓዴ ሽፋን ብርሃን ተቀብሎ ምግብ ያዘጋጃል። ከሱ ሥር ያሉት ጠንካራ ክሮች ግድግዳቸው የወፈረ ሕዋሳት ናቸው፤ አገዳው ነፋስ እያወዛወዘው ቀጥ ብሎ የሚቆመው በእነሱ ነው። መሀሉ ነጭ ነው፤ በጣት ሲጫኑት ይሰምጣል። እዚያ ያሉት ሕዋሳት በመካከላቸው ክፍተት እየተዉ ነው የሚያድጉት፤ ክፍተቱን አየር ይሞላዋል። ሥሩ ያለበት ጭቃ ኦክስጅን የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አየሩ በዚያ ክፍተት ወርዶ ይደርስለታል። ታንኳውን የሚያንሳፍፈውም ይኸው አየር ነው። ቦታውን ውሃ ሲይዘው ታንኳው ይከብዳል፤ ባለቤቱም አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል።

ዋናው ጥያቄ ታዲያ እዚህ ጋ ይመጣል። ሽፋኑም፣ ክሩም፣ ነጩም የያዙት ዲኤንኤ፣ ማለትም የዘር መመሪያ፣ አንድ ነው። የሚለያዩት የትኛው ጂን (የመመሪያው አንድ ክፍል) እንደሚሠራና የትኛው እንደሚዘጋ ነው። ይሄን የሚወስነው ሕዋሱ ያለበት ቦታና ከጎረቤቶቹ የሚደርሰው ኬሚካላዊ መልእክት ነው። እኛም ከአንድ የተዳቀለ እንቁላል ተነስተን ከ200 በላይ የሕዋስ ዓይነት የያዝነው በዚሁ መንገድ ነው።

የተዘጋው ጂን ግን ጠፋ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ገርደን ከእንቁራሪት ጫጩት አንጀት ሕዋስ የወሰደውን ኒውክለስ (ዲኤንኤው የሚቀመጥበትን የሕዋስ ክፍል) የራሱ ኒውክለስ ከጠፋበት እንቁላል ውስጥ አስገባ። ከዚያ እንቁላል ጤነኛ የእንቁራሪት ጫጩት አደገ። በ2006 ጃፓናዊው ሳይንቲስት ሺንያ ያማናካ የአይጥ ቆዳ ሕዋሳትን በ4 ጂኖች ወደ ፅንስ መሰል ሁኔታ መለሳቸው። በ2012 ሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ይገባቸዋል!

የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ግን ለየት ይላል። ሲበስል ኒውክለሱን ከነዲኤንኤው አውጥቶ ይጥላል። ቦታውን ኦክስጅን ለሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይለቃል፣ በጠባብ የደም ሥርም እየተጣጠፈ ያልፋል። ዋጋ ግን ያስከፍለዋል። ራሱን መጠገን ስለማይችል 120 ቀን ገደማ ኖሮ ይሞታል። የዓሣ ቀይ ሕዋስ እንዲህ አያደርግም። ዓሣ ተራ ቀረሶ ሲታረድ አንድ ጠብታ ደም ለምናችሁ፣ ስላይድ ላይ በስሱ ቀብታችሁ፣ አድርቃችሁና ቀለም ነክራችሁ ማይክሮስኮፕ ሥር ብታስገቡት ኒውክለሱ መሀል ላይ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ።

እኛ የወባን ተውሳክ በቀላሉ የምንለየው በዚሁ ምክንያት ነው። የሰው ቀይ ሕዋስ የራሱ ኒውክለስ ስለሌለው፣ ጊምሳ በሚባል የላብራቶሪ ቀለም የተነከረ ስላይድ ላይ በሕዋሱ ውስጥ ቀላ ያለ ነጥብና ሰማያዊ ቀለበት አብረው ከታዩ የእንግዳው ናቸው።