ፎቶውን ገልብጣችሁ እዩት

የጥበብ ታሪክ ለማጥናት ለምታስቡ፣ ወይም በቅርቡ በሙዚየምና በቤተ መጻሕፍት የፎቶ ክፍል ሥራ ለጀመራችሁ ወጣቶች ነው ይህን የምጽፈው። እኔ ዕድሜዬን የገፋሁት በእስያ ጥበብ የድሮ ፎቶዎች መሃል ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ታገሱኝ።

አዲስ ገቢ አሮጌ ፎቶ ይንቃል። “ይሄማ ደብዝዟል፣ በከለር የተነሳ አለ አይደል እንዴ?” ይላል። አለ። ግን አሮጌው ያየውን አዲሱ ላያይ ይችላል።

ጃቫ ደሴት ላይ ያለውን ቦሮቡዱርን ውሰዱ። ትልቅ የቡድሂስቶች ቤተ መቅደስ ነው። በ1885 አይዘርማን የተባለ ሆላንዳዊ መሐንዲስ፣ ከግርጌው ድንጋይ ጀርባ የተሸፈኑ ቅርጾች እንዳሉ ደረሰበት። ከዚያ ድንጋዩ በየተራ እየተነሳ 160 ቅርጾች ታዩ። በ1890 እና 1891 ካሲያን ሴፋስ አንድ በአንድ ፎቶ አነሳቸው። ድንጋዩም ወደ ቦታው ተመለሰ። ዛሬ እዚያ ብትሄዱ በደቡብ ምሥራቁ ጥግ ከተከፈቱት ጥቂቶች በቀር አታዩአቸውም። ቅርጾቹ የሰው በጎና ክፉ ሥራ የሚያስከትለውን ፍሬ እንደሚያሳዩ የታወቀው እንደገና ከተሸፈኑ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሲልቫን ሌቪ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ከአንድ ጥንታዊ የቡድሂስት ጽሑፍ ጋር አገናኛቸው። የሴፋስ ፎቶዎች ባይኖሩ ያ ሁሉ ጥናት በምን ይሠራ ነበር?

ሴፋስ ደግሞ የጃቫ ሰው ነው፣ የዮግያካርታ ሱልጣን ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ። የእስያን ጥበብ ያነሳው ፈረንጅ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ይህን ያዙልኝ። አሜሪካዊው ሰብሳቢ ቻርልስ ፍሪርም በ1910 ቻይና ውስጥ የቡድሂስት ምስሎች ወደተቀረጹባቸው የሎንግመን ዋሻዎች ሲሄድ ፎቶ ያነሳለት ጆው ዩታይ የተባለ ቻይናዊ ነበር።

ጃፓን ውስጥ የሆርዩጂ ቤተ መቅደስ የግድግዳ ሥዕሎች በጥር 1949 በእሳት ተበላሹ። ደግነቱ በ1935 ቤንሪዶ የተባለ የኪዮቶ ማተሚያ ቤት ሥዕሎቹን በሙሉ መጠናቸው፣ በክፍል በክፍል፣ በ363 የመስታወት ኔጋቲቮች አንስቷቸው ነበር። በ1960ዎቹ ሠዓሊዎች ግድግዳውን እንደገና ሲሥሉት መነሻቸው ያ ሥራ ሆነ።

እስካሁን ፎቶን አመሰገንኩ። አሁን ደግሞ ልክሰሰው። ሴኪኖ ታዳሺ የተባለ ጃፓናዊ ምሁር በ1918 የቻይናን የቲያንሎንግሻን ዋሻዎች አየ፣ ፎቶዎቹም ታተሙ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1920ዎቹ፣ የሐውልቶቹ ራስ እየተቆረጠ በዓለም ገበያ ተሸጠ። ሴኪኖ ሌባ አልላከም። ሆኖም የታተመ ፎቶ ለተማሪም ለነጋዴም እኩል ይናገራል። ዛሬ በዚያው ዓይነት ፎቶ የተበተነው እየተለየ ነው። ከቲያንሎንግሻን የወጣ አንድ የቡድሃ ራስ በ2020 ቶኪዮ ጨረታ ላይ ታይቶ ወደ ቻይና ተመልሷል። የሎንግመንም ነገር እንደዚሁ ነው። ፈረንሳዊው ኤድዋር ሻቫን በ1907 ሲያነሳቸው የንጉሡና የንግሥቲቱ አጀብ ቅርጾች ዋሻቸው ውስጥ ነበሩ። በ1930ዎቹ ተፈልፍለው ወጡ። ዛሬ ንጉሡ ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን፣ ንግሥቲቱ ካንሳስ ሲቲ ኔልሰን-አትኪንስ ሙዚየም ናቸው። የትኛው ቁራጭ የጥንት፣ የትኛው በኋላ የተጠገነ እንደሆነ ለመለየት ወደ ሻቫን ፎቶ መመለስ ግድ ነው።

ስለ አደራደርም አንድ ነገር ልበል። ጄምስ ፈርጉሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ የሥነ ሕንፃ ታሪክ ጸሐፊ ከ3,000 በላይ የሕንድ ሕንፃዎች ፎቶ ሰብስቦ፣ እነሱን እያነጻጸረ በ1876 የሕንድንና የምሥራቁን ሥነ ሕንፃ ታሪክ አሳተመ። ትልቅ ሥራ ነው። ግን የሕንድ ጥበብ ከዘመን ዘመን እያሽቆለቆለ መጣ የሚል እምነት ነበረው። ፎቶው ባይዋሽም፣ የመረጠውና የደረደረው ሰው የራሱን ሐሳብ ይዞ ነው። ስለዚህ አልበም ሲመጣላችሁ “በአገር በአገር እንለየው” ብላችሁ አትበትኑት። ቅደም ተከተሉ ራሱ ማስረጃ ነው።

ከሥራችን ውስጥ የምወደው ግን ፎቶውን መገልበጥ ነው። ጀርባው ላይ የእርሳስ ቁጥር፣ የሻጭ ማኅተም፣ ተሰርዞ በሌላ የተተካ የቦታ ስም ታገኛላችሁ። ስካን ስታደርጉ ጠርዙን አትቁረጡ፤ ጀርባውንም የተለጠፈበትን ካርቶንም አንሱ። ካርቶኑ አስቀያሚ ነው ብላችሁ እንዳትልጡት! ቁጥር መጻፍ ካስፈለገ በእርሳስ ብቻ። የመስታወት ኔጋቲቭ በጠርዙ ይያዛል፤ ቁሞ ይቀመጣል እንጂ ተደራርቦ አይተኛም፤ ክብደቱ የታችኛውን ይሰብረዋል።

ደግሞ ብዙ የድሮ ፎቶ ላይ፣ ሕንፃው ምን ያህል እንደሚተልቅ እንዲታይ ተብሎ የቆመ ሰው አለ። ካታሎጉ ስለ ዓምዱ ገጽ ሙሉ ይጽፋል፣ ስለ ሰውዬው ዝም። እናንተ ጻፉት። ስሙ ባይታወቅ ልብሱን፣ የያዘውን፣ የቆመበትን ቦታ መዝግቡ። ቅጹ ላይ ቦታ የለውም ካሏችሁ ማስታወሻ የሚለው ሥር አስገቡት፤ ፈላጊ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ያገኘዋል።