ጊቤን ስትወርድ ፔዳሉ ከረገበ፣ ዲስክ ለመግዛት አትቸኩል

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። በፈረንጆቹ 1996 ሞዴል ዲዝል ቶዮታ ሃይኤስህ ላይ አልጋ፣ ምድጃና የ100 ሊትር ውሃ መያዣ ገጥመሃል። ክብደቱን እንዲችል ከኋላ ባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከመውን የብረት ስፕሪንግ) ጨምረሃል። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ስትመጣ የጊቤ ቁልቁለት ላይ የፍሬን ፔዳሉ እየረገበ ወለል ነካ፣ ግማሽ ሰዓት ቆመህ ስትጠብቅ ተመለሰ። አሁን ትልቅ ዲስክና ካሊፐር (ሸራውን በዲስኩ ላይ የሚጫነውን) ልግጠም ወይ ትላለህ። መጀመሪያ እንኳን ተረፍክ። መልሴ ግን ገና አትግዛ ነው።

እኔም ጅማ ነው የምኖረው፣ መኪናችንም አንድ ዓይነት ነው። ልጆቼን ይዤ ቦንጋም አጋሮም አዲስ አበባም እሄድበታለሁ፣ እዚያው ውስጥ እናድራለን። ያንተ ነገር እኔም ላይ ደርሷል፣ ያውም ልጆቹ ከኋላ ተኝተው። ስለዚህ ቀላል ነገር አድርጌ አላየውም።

መጀመሪያ ፔዳሉ የነገረህን እንስማ። ፍሬን ሲግል ሁለት ዓይነት ጠባይ ያሳያል። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ የጋለው ሸራው፣ ማለትም ዲስኩን ወይም ታምቡሩን እየፈተገ የሚያቆመው ነው፣ መያዝ አቅቶታል ማለት ነው። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ረግቦ ወለል ከነካና ሲበርድ ከተመለሰ ግን የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፣ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፣ እግርህ የሚጫነው ጉልበት እዚያው ይቀራል። ያንተ ሁለተኛው ነው።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን የሚፈላው 205 ዲግሪ ላይ ነው፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ 140 ነው። ዶት 4 አዲሱ 230፣ እርጥቡ 155። እንደ ጅማ ዝናብ የማይለቀው አገር ላይ ደግሞ ዘይቱን ለዓመታት ሳይቀይሩ መንዳት የተለመደ ነው፤ ጎደለ ሲባል ከላይ ይጨመርበታል እንጂ ማን ያፈሰዋል? በየ2 ዓመቱ ሙሉ በሙሉ አስቀይረው። ያልተከፈተ ጣሳ ዶት 4 ግዛ፣ አየሩን ከአራቱም ጎማ በደንብ ያስወጡት። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ነው፣ ከነዚህ ጋር አይደባለቅም። ዶት 5.1 ግን ሌላ ነው፣ እሱ ይሆናል።

አሁን ብዙ ሰው የማያየው ነገር። እኔም ባሌስትራ ጨምሬ ነበር። ከዚያ ፍሬኑ ሲደክምብኝ አንድ ጋራዥ የፊቱን ዲስክና ሸራ በአዲስ ቀየረልኝ፣ ብሬን ከፍዬ ወጣሁ፣ በሚቀጥለው ጉዞ ያው ሆነ። የፊት ጎማዎቹ ሽታቸው አያስጠጋም፣ የኋላዎቹን ግን ቸርኬያቸውን በእጄ ነካሁት፣ ለብ ያለ ብቻ። የኋላው ምንም እየሠራ አልነበረም። መርካቶ አካባቢ ያገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ከስር ገብተው ወዲያው አሳዩኝ። ከኋላ አክስል ተነስታ ሻንሲው ላይ ካለ ቫልቭ ጋር የምትገናኝ ቀጭን ዘንግ አለች። መኪናው ጭነት ኖሮት ዝቅ ሲል ቫልቩ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይሰጣል፣ ባዶ ሆኖ ከፍ ሲል ይቀንሳል፣ የኋላው ጎማ እንዳይቆልፍና እንዳይንሸራተት። ባሌስትራ ስንጨምር መኪናው ጭነት ይዞም ከፍ ብሎ ይቆማል። ቫልቩ ባዶ ነው ብሎ ያስባል፣ ሥራው ሁሉ የፊት ዲስኩ ላይ ይወድቃል። ዘንጓን በልኩ ሲያስተካክሉልኝ መኪናው ሌላ መኪና ሆነ። ቫልቩን ነቅለን እንጣለው የሚሉህ ይኖራሉ፣ እሺ እንዳትል። ክረምት ላይ በእርጥብ አስፋልት የኋላው ቀድሞ ከቆለፈ መኪናው ይዞርብሃል።

የኋላ ታምቡሩንም (ሸራውን ከውስጥ የያዘውን ክብ ብረት) አስከፍት። ሲሊንደሩ አንጠባጥቦ ሸራውን ካራሰው ሸራው ይቀየር፣ ታጥቦ አይድንም። የሸራውን ርቀት በራሱ የሚያስተካክለው ብሎን ብዙ ጊዜ ዝጎ ይያዛል። የጎማ ቱቦዎቹም ከመኪናው እኩል ያረጁ ከሆኑ ይቀየሩ፤ ከውስጥ አብጠው ካሊፐሩ እንዳይለቅ ያደርጋሉ፣ ያኔ ሳትረግጠውም ፍሬኑ እየጋለ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም ካልበቃህ፣ ያኔ የፊቱን አሳድግ። ሸራውን ከሁሉ በፊት ጥሩ አድርገው። ዲስክ ከሆነ መሃሉ አየር የሚያሳልፈውን ወፍራሙን፣ ከራሱ ከሃይኤስ ከባዱ ዓይነት ካሊፐሩን ጨምረህ ውሰድ። ቸርኬህ 14 ኢንች ከሆነ ትልቅ ዲስክ ላይገባ ይችላል፣ ሳትከፍል ለካ። ካሊፐሩ ፒስተኑ ሲተልቅ ብዙ ዘይት ይፈልጋል፣ ፔዳሉ የሚገፋው ዋናው የፍሬን ፓምፕ ካልተመጣጠነ ፔዳሉ ይረዝማል። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ዲስክ አልመክርህም፣ ቀዳዳው ጋ ይሰነጠቃል። የኋላውንም ወደ ዲስክ አትቀይረው፣ የእጅ ፍሬኑ ጣጣ ይሆንብሃል።

አንድ ስሌት ልስጥህ። ከወልቂጤ እስከ ጊቤ ድልድይ ወደ 800 ሜትር ገደማ ትወርዳለህ። 2,500 ኪሎ መኪና ያን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት፣ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ወደ ዜሮ 20 ጊዜ እንደማቆም ነው። ከፊሉን ንፋሱና ጎማው ይወስዱታል፣ የቀረውን ወይ ሞተሩ ወይ ፍሬኑ ይሸከመዋል። የትኛውም ዲስክ ይህን ብቻውን እንዲሸከም አትፍረድበት። ገደሉ ሳይጀምር 3ኛ አግባ፣ ከፈጠነ 2ኛ፤ ሽቅብ የምትወጣበት ማርሽ ነው የመውረጃህም ማርሽ። ፍሬኑን ደህና አድርገህ ረግጠህ ፍጥነቱን ቀንስና ልቀቀው፣ ይተንፍስ። ቀስ ብሎ ሙሉ መንገዱን መጫን ነው የሚያፈላው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለህ ሞተር አጥፍተህ ወይም ማርሹን ዜሮ አድርገህ በፍጹም እንዳትወርድ። በኛ ዲዝል የፍሬን ሰርቮውን (የእግርህን ጉልበት የሚጨምረውን) የሚያግዘው ፓምፕ ዲናሞው ላይ ነው ያለው፣ ሞተሩ ከጠፋ ሁለት ሦስቴ ከረገጥክ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ታች ስትደርስ የጋለ ጎማ ላይ ውሃ አታፍስ፣ ዲስኩ ይጣመማል።

ነገ በክሪክ ሳታነሳው፣ በአራት እግሩ ቆሞ ጭነቱም እንዳለ፣ ከስር ገብተህ ያችን ዘንግ ፎቶ አንሳና እዚህ ለጥፍልኝ። የኔንም አንስቼ እልክልሃለሁ፣ አስተያይተን እናየዋለን።