ድንኳን ይዞ ከሐዋሳ ወደ ባሌ ተራሮች

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሐዋሳ ነው። ልጆቻችን በጥር መጨረሻ ከፈተና በኋላ የአንድ ሳምንት ዕረፍት ስላላቸው፣ እኔና ባለቤቴ የ6 እና የ11 ዓመት ልጆቻችንንና የ67 ዓመት እናቴን ይዘን በራሳችን መኪና አዋሽን፣ አብያታ ሻላንና የባሌ ተራሮችን በአምስት ቀን ለመጎብኘት፣ ሌሊቱንም በድንኳን ለማሳለፍ አቅደናል። እናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ልጆቹ ደግሞ ውሻችንን ጥለን አንሄድም ብለዋል። ምን ይመክሩናል?

አባት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ልጆችዎን የአገራቸውን ዱር እንዲያዩ ለመውሰድ መነሣትዎ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ሆኖም አዋሽን ከዚህ ጉዞ እንዲያወጡት አጥብቄ እመክርዎታለሁ። አዋሽ ከሐዋሳ በሞጆና በአዳማ በኩል ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ወደ ባሌ የሚወስደው መንገድ ግን ከሻሸመኔ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፍ ስለሆነ፣ ሁለቱን በአምስት ቀን ለማዳረስ ቢሞክሩ ልጆቹ አብዛኛውን ቀን መኪና ውስጥ ተቀምጠው ይውላሉ። አብያታ ሻላን ማለዳ ከቤትዎ ወጥተው ማታ መመለስ ስለሚችሉ ለሌላ ቅዳሜ ያቆዩት፤ ያን ጊዜም በሻላ ዳርቻ ካለው ፍል ውኃ አጠገብ የትንሹን ልጅ እጅ እንዳይለቁ። አምስቱን ቀን በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ለሰፈረው ለባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይስጡት።

ከሁሉ በፊት የሚያሳስበኝ ከፍታው ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ የሳኔቲ አምባ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በአምባው ላይ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሌሊት ዶዶላ ወይም አዳባ አድረው በማግሥቱ ዲንሾ ቢገቡ፣ ድንኳኑንም እዚያው ተክለው ሳኔቲን ከሁለት ሌሊት በኋላ የቀን ጉብኝት ብቻ ቢያደርጉት ሰውነታችሁ ከአየሩ ጋር ይላመዳል። የስድስት ዓመት ልጅ የከፍታ ሕመም ሲጀምረው እንደ ትልቅ ሰው ራሴን አመመኝ ላይል ይችላል፤ ይነጫነጫል፣ ምግብ ይጠላል፣ ያስታውከዋል። ይህን ካዩ ነገ ይሻለው ይሆናል ብለው ሳይጠብቁ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይውረዱ፤ ዋናው መድኃኒቱ መውረድ ነው። እናትዎ ከመነሣታቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ ሌሊቱንም በድንኳን ሳይሆን ዲንሾ ካለው ማረፊያ ክፍል ይዘውላቸው ቢያድሩ ይመረጣል።

በጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ሌሊቱ ግን እጅግ ይቀዘቅዛል። እኔ ራሴ ዲንሾ ባደርኩበት አንድ የጥር ሌሊት ከድንኳኑ ውጭ የተውነው ጀሪካን ውኃ በላዩ ስስ በረዶ ሠርቶ ነግቶብናል። ብርዱ በብዛት የሚገባው ከሥር ስለሆነ፣ ከላይ ጋቢ ከመደራረብዎ በፊት ከሥር ወፍራም ስፖንጅ ፍራሽ ያንጥፉ፤ ልጆቹም ቀን የለበሱትን ልብስ ቀይረው፣ ደረቅ ካልሲና ኮፍያ አድርገው ይተኙ።

ከሰልን በሚመለከት ግን ልመናዬን ይስሙኝ። በዚያው ሌሊት ቡና አፍልተን ከጨረስን በኋላ ፍሙ አመድ ለብሶ ጭሱም ጠፍቶ ስለነበር፣ ሙቀቱ እንዳይባክን ብለን ምድጃውን ድንኳን ውስጥ አስገባነው። ጥቂት ቆይታ የእኅቴ ልጅ «አክስቴ፣ ራሴን በጣም አመመኝ» እያለች ተነሥታ ዚፑን ባትከፍተው ኖሮ ሁላችንም በዚያው እንቀር ነበር። ከሰል ጭሱ ከጠፋ በኋላም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን፣ ሽታም ቀለምም የሌለውን ጋዝ ይለቃል፤ የተኛን ሰው ሳያነቃው ይገድላል። ምድጃውን ውጭ ያጥፉት፤ መኪና ውስጥም አያስገቡት።

በዚያ ከፍታ ውኃ ዲንሾ ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ክክና ምስር ቶሎ አይበስሉም። ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይያዙ፤ ከአካባቢው ገበያ ደግሞ የገብስና የቅቤ ጭኮ ቢያገኙ ለብርድ ከዚያ የተሻለ ምግብ አላውቅም። ከመነሣትዎ በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታ የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ ከብት መንገድ ላይ ስለሚበዛም ከመሸ አይንዱ።

ውሻው ግን በፍጹም መሄድ የለበትም። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ፣ በአጠቃላይ ቁጥሩ 500 ገደማ ብቻ የሆነ አውሬ ሲሆን፣ ከግማሽ በላዩ የሚኖረው በባሌ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሾች ተላልፎበት በ1996 ዓ.ም. ገደማ በፓርኩ ውስጥ ባለው በወብ ሸለቆ በሽታው ከገባባቸው መንጋዎች አብዛኞቹን ቀበሮዎች ጨርሷል። የእርስዎ ውሻ ለዚህ በሽታ ተከትቦ ቢሆን እንኳ፣ ያ ክትባት ቀበሮዎቹን በየጊዜው የሚፈጀውን፣ ዲስቴምፐር የተባለውን ሌላ የውሻ በሽታ አይከላከልም። ይህን ለልጆቹ እንዳለ ይንገሯቸው፤ የ11 ዓመት ልጅ በደንብ ይረዳዋል። ውሻውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው፣ ሳኔቲ ላይ ማለዳ መኪናውን አቁመው ሞተሩን ያጥፉና ዝም ብለው ይጠብቁ፤ ፍልፈል ከጉድጓዱ አንገቱን ብቅ ሲያደርግ፣ ከጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ጆሮውን ቀስሮ ያደፈጠውን ቀይ ቀበሮ ከእርስዎ ቀድመው የሚያዩት ልጆቹ ሳይሆኑ አይቀሩም።