መልስ፦ ከእናቴ ጋር አየርላንድን በመኪና፣ ሳንጣደፍ

እህቴ፣ ከእናትሽ ጋር በ7 ቀን መላ አየርላንድን መዞር ይቻላል ወይ ብለሻል። ይቻላል፤ ግን ከመኪና ሳትወርዱ ያልቅባችኋል። እኔ ብሆን ሰሜኑን ትቼ ሦስት ቦታ ብቻ አድራለሁ፦ ቦይን ሸለቆ፣ አትሎን እና ዲንግል።

ቦይን ሸለቆ ኒውግሬንጅ አለ፤ ከ5,000 ዓመት በላይ የሆነው፣ ከጊዛ ፒራሚዶች የሚቀድም መቃብር። ቲኬቱን ቀድመሽ ቁረጪ። መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ የእናትሽን ጉልበት አስቢበት።

የኔ ልብ የቀረው ግን ከአትሎን ቅርብ ያለው ክሎንማክኖይዝ ላይ ነው። ቅዱስ ኪራን በ6ኛው ክፍለ ዘመን ሻነን ወንዝ ዳር የመሠረተው ገዳም ነው። ትልቁ የድንጋይ መስቀል ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ተቀርጾበታል። ውጭ የቆመው ቅጂው ነው፤ ዋናውን ቤት ውስጥ ታገኙታላችሁ። እናትሽ ገዳም የሚወዱ ከሆነ ግማሽ ቀን ስጧቸው፣ አትቸኩሉ።

መንዳቱ በግራ ነው። ማርሽ የማይለመድሽ ከሆነ አውቶማቲክ ብለሽ አስቀድመሽ ያዢ። የገጠሩ መንገድ አንዳንዴ መሃሉ ላይ ሣር በቅሎበታል። ትራክተር ፊት ለፊት ከመጣ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገሽ ጥግ ያዢለት። ሲያልፍ ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን ብድግ ያደርጋል፤ ሰላምታው እሱ ነው፣ መልሺለት። ካርታው 1 ሰዓት ካለሽ አንድ ሰዓት ተኩል ያዢ።

ዲንግል ላይ ስሊ ሄድ የሚባለውን የባሕር ዳር መንገድ ዙሪያውን በሰዓት አቅጣጫ ንዱ፤ አውቶቡሶቹም እንደዚያው ስለሚሄዱ ገደሉ ጫፍ ላይ ከመፋጠጥ ትድናላችሁ። ደብሊን ዙሪያ ባለው ኤም 50 አውራ ጎዳና ላይ የክፍያ ኬላ የለም፤ ክፍያው ግን አለ፤ በማግስቱ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት በኢንተርኔት ካልከፈልሽ ቅጣት ይከተላል።