ከሞገዱ ግራና ቀኝ የሚቆሙት ሹሎች

ጥያቄ፦ በኤዲኤፍ4351 ቺፕ ፍሪኩዌንሲ ማመንጫ ሠራሁ። ማመሳከሪያው ኦሲሌተር (ቺፑ ውጤቱን የሚያነጻጽርበት ቋሚ ሞገድ አመንጪ) 25 ሜጋኸርትዝ ነው። 2400.1 ሜጋኸርትዝ ላይ ሳቆመው ግን ከዋናው ሞገድ ግራና ቀኝ፣ በ100 ኪሎኸርትዝ ርቀት ሁለት ሹሎች (ያልተፈለጉ ትናንሽ ሞገዶች) ይታያሉ። የኃይል ምንጩን በካፓሲተር ባጣራም አልጠፉም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ካፓሲተር መደርደሩን ይተዉት! መጀመሪያ ወደ 2400.15 ይሂዱ። ሹሎቹ ወደ 150 ኪሎኸርትዝ ከሸሹ ምንጫቸው የኃይል መስመሩ አይደለም፤ ከዚያ ቢመጡ ኖሮ ርቀታቸው ባልተለወጠ ነበር። እንደሚሸሹ አልጠራጠርም፤ 2400 የ25 ሙሉ ብዜት ነውና። ከሙሉ ብዜት አጠገብ ሲቆሙ የማመሳከሪያው ብዜትና የውጤቱ ሞገድ ይደባለቃሉ፤ ልዩነታቸውም ሹል ሆኖ ይወጣል።

ማመሳከሪያውን አካፍሎ ወደ 12.5 ማውረድ አያድንም፤ 2400 የእሱም ብዜት ነው፤ እንዲያውም አስቸጋሪ ቦታዎችን ያበዛል። የሉፑን፣ ማለትም ውጤቱን ከማመሳከሪያው ጋር እያነጻጸረ የሚያስተካክለውን ዑደት፣ ማጣሪያ ማጥበብ ሹሎቹን ያዳክማል፤ ነገር ግን ፍሪኩዌንሲ በቀየሩ ቁጥር ሉፑ አዲሱ ላይ እስኪቆለፍ (እስኪረጋ) ይዘገያል። እኔ የምመርጠው 26 ሜጋኸርትዝ ኦሲሌተር ነው። ቅርቡ ብዜት 2392 ስለሚሆን ሹሉ 8.1 ሜጋኸርትዝ ይርቃል፤ እዚያ ማጣሪያው ይውጠዋል። ከ2418 አጠገብ መሥራት ካስፈለገዎ ግን 26ም ያስቸግራል፤ ያኔ ወደ 25 ይመለሱ። ስለዚህ ሁለቱንም ሰሌዳው ላይ ያኑሩና እያፈራረቁ ይጠቀሙ።