የአያት ሣጥን፣ ራምቦ ቤትና ስፌት መማር፦ ስለ ሐረር ሙዚየሞች ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ስለ ጀጎል (በግንብ ስለታጠረችው የድሮዋ ሐረር) ሙዚየሞች አንድ አንቀጽ ብጽፍ ጥያቄው ጎረፈ። በጣም ነው ደስ ያለኝ። ሰው ስለ ሙዚየም ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የመግቢያ ዋጋና የሚዘጋበትን ሰዓት ነው፤ እናንተ ግን ስለ ዕቃዎቹና ስለ ሠሪዎቻቸው ጠየቃችሁኝ። ሁሉንም መመለስ አልቻልኩም፣ ስድስቱን መርጫለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ከድሬዳዋ፣ ከዚራ ነኝ። ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ ሐረር ልወጣ ነው። ያለን አንድ ቀን ብቻ ነው፣ የትኛውን ሙዚየም ላስቀድም?»

የሸሪፍን ሙዚየም! ሌላው ጊዜ ከተረፈ ይታያል። በጠዋት ሚኒባስ ያዙና የደንገጎን ዳገት ውጡ። ፈረስ መጋላ ስትደርሱ በእግር ግቡ፣ በመኪና ግርግር በኩል። ልጆቹ የልብስ ስፌት መኪናዎቹን ድምፅ ይስሙ፤ መንገዱ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

ሙዚየሙ ያለበት ቤት ራሱ መታየት ያለበት ነው። ራስ ተፈሪ ቤት ነው የምንለው። የህንድ ነጋዴ ያሠራው ሲሆን በእንጨት ሥራው ላይ የህንድ እጅ ይታያል። ተፈሪ መኮንን ገና ደጃዝማችና የሐረር ገዥ በነበሩበት ጊዜ ከወይዘሮ መነን ጋር የጫጉላ ጊዜያቸውን እዚህ አሳለፉ ይባላል።

እኔን የሚገርመኝ ግን የስብስቡ አመጣጥ ነው። አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ በራሳቸው ተነሳሽነት ጀምረው ከየቤቱ የሰበሰቡት ነው። መጀመሪያ የነበረው በገዛ ቤታቸው ነው፣ ወደዚህ የተዛወረው በኋላ ነው። በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት፣ ጎራዴ፣ ጌጣጌጥ፣ የሙሽራ ልብስ፣ የሳር ስፌት፣ የድሮ ዘፈን የተቀዳበት ካሴት ሳይቀር አለ። አንድ ሰው «ይሄ አይጣልም» ብሎ ባይነሳ ኖሮ ስንቱ ከአገር ወጥቶ ይሸጥ ነበር።

ለልጆቹ ሳንቲሞቹን አሳዪያቸው። ሐረር በአሚሮቹ ዘመን የራሷን ገንዘብ ትመታ ነበር፣ ማሐለቅ ይባላል። ይቺ በግንብ የታጠረች ከተማ የራሷ ገንዘብ እንደነበራት በዓይኑ ያየ ልጅ ታሪክን በሌላ ጆሮ ነው የሚሰማው። አንድ ነገር ደግሞ ሞክሪ፤ ሁሉንም ለማየት አትሩጡ፣ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ዕቃ ይምረጥና ቁጭ ብሎ ይሳለው። እኔ የእህቴን ልጅ እንዲህ አድርጌ አንድ የብር አምባር ፊት አርባ ደቂቃ ተቀምጣለች።

«ራምቦ ቤት የሚባለው እውነት የፈረንሳዩ ገጣሚ የኖረበት ነው?»

አይደለም። ሰውዬው አርተር ራምቦ ነው፣ ቤቱ ግን እሱ ከሞተ በኋላ የተሠራ የህንድ ነጋዴ ቤት ነው። ሐረር መኖሩ ግን ሐቅ ነው። በ1880 መጨረሻ ላይ መጣ፣ ያኔ ከተማዋ በግብፆች እጅ ነበረች። ግጥም መጻፍ ካቆመ ቆይቷል፤ እዚህ የመጣው ለአንድ የንግድ ቤት ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነው። በ1891 እግሩ ታሞ በቃሬዛ ተሸክመውት እስከ ዘይላ ወረደ፣ በዚያው ዓመት ማርሴይ ላይ በ37 ዓመቱ ሞተ።

እና ልሂድ ወይስ ልተወው ካልከኝ፣ ሂድ። ለፎቶዎቹ ስትል ሂድ። ራምቦ ካሜራ አስልኮ በ1883 ሐረር ላይ ፎቶ አንስቷል፣ ከዚያ በኋላ የመጡ ሌሎችም አንስተዋል፣ የድሮዋ ከተማ እዚያ ቤት ግድግዳ ላይ አለች። ያደግኩበትን መንገድ ሰው ሳይሞላው አየሁት። ከላይ ደግሞ ባለ ቀለም መስታወቶቹ አጠገብ ቆመህ ወደ ጣሪያዎቹ ተመልከት።

«አባቴ ሲሞቱ ከሣጥናቸው በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ አሮጌ መጽሐፍ አገኘሁ። ብራና ይመስለኛል። ገጾቹ እየወለቁ ነው። ምን ላድርግ? እኔ ራሴ 61 ዓመቴ ነው፣ ከእኔ በኋላ ማን እንደሚይዘው አላውቅም።»

ነፍስ ይማር። ስላልጣሉትም፣ ስላልሸጡትም አመሰግንዎታለሁ።

መጀመሪያ፣ ብራና ላይሆን ይችላል። የሐረር መጻሕፍት በአብዛኛው የተጻፉት በወረቀት ላይ ነው፣ ወረቀቱ ደግሞ በባሕር የመጣ ነው። አንዱን ገጽ ቀስ አድርገው ወደ ብርሃን ያንሱት። በትልቅነት የሚበላለጡ ሦስት የጨረቃ ቅርጾች ተደርድረው ካዩ ከጣሊያን የመጣ ወረቀት ነው፤ በቀይ ባሕር አካባቢ ብዙ የተነገደ ነው። አባትዎ ያቆዩልዎት መጽሐፍ ወረቀቱ ከዚያ ድረስ መጥቶ እዚህ ነው የተጻፈበት፣ እዚህም ነው የተጠረዘው።

ስለ ጥረዛው ካነሳን፣ ሐረር የታወቀችበት ሙያ ነው። ቆዳው ድጉስ ነው፣ በማኅተም የተጌጠ፣ በጎን በኩል ደግሞ እንደ ፖስታ ተጠቅልሎ የሚከድን ምላስ አለው። በ1855 ጥር ላይ ከተማዋ የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እንኳ የሐረርን ጥረዛ አድንቆ ጽፏል። አቶ አብዱላሂም መጻሕፍት ከመሰብሰብ አልፈው ጥረዛና ጥገና ተምረው በገዛ እጃቸው አድሰዋል።

አሁን የሚያደርጉትን ልንገርዎት። ስኮች አይለጥፉበት። ሙጫም፣ ፕላስቲክ ሽፋንም አይነካው። እጅዎን ታጥበው በደንብ ያድርቁና በንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው አጋድመው ያስቀምጡት፣ ከኩሽናና ከፀሐይ ርቆ። የወለቁትን ገጾች ቅደም ተከተላቸው እንዳይዛባ። ከተዛባም አይደንግጡ፤ በገጹ ግርጌ ጥግ ላይ ብቻዋን የተጻፈች ቃል ካለች የሚቀጥለው ገጽ የሚጀምርባት ቃል ናት፣ ዓረብኛ የሚያነብ ሰው በእሷ ይመልሰዋል። የመጨረሻው ገጽ ላይ የጸሐፊው ስምና የሂጅራ ዓመቱ ሊኖር ይችላል። ከዚያ የልጅ ልጅዎ ያለ ፍላሽ በስልክ ገጽ በገጽ ፎቶ ያንሳልዎት።

የእኔን ቤት ስህተት ደግሞ ልንገርዎት። የእናቴ አባት መጽሐፍ ነበረን። ጠርዙ ሲበላ አንድ ጠራዥ ጋ ወሰድነው። ጎበዝ ነው ተብሎ ነው የወሰድነው። አዲስ የሚያብለጨልጭ ሽፋን አልብሶ፣ «እንዲያምር» ብሎ ጠርዙን በሙሉ በማሽን ከርክሞ መለሰልን። ጠርዙ ላይ የቤተሰቡ የልደትና የሞት ቀን በሦስት ሰው እጅ ተጽፎ ነበር። አሁን የቀረው የግማሽ ስም ነው። እናቴ መጽሐፉን ተቀብላ ገለጠችና አንድ ቃል ሳትናገር ከደነችው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ወደ ሙዚየሙ ይዘውት ሄደው ያማክሩ። ይስጡ ማለቴ አይደለም፣ ያሳዩ። «ጥሩ ዋጋ እሰጥዎታለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ ደግሞ በር ላይ ይመልሱት፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ ክልክል ነው።

«የሐረሪ ቤት ውስጡ ቀይ የሆነው በደም ምክንያት ነው የሚሉት እውነት ነው?»

ሽማግሌዎቹ የሚነግሩን ቀዩ አፈር በ1887 በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ እንደሆነ ነው። እኔም እንዲሁ ተነግሮኝ ነው ያደግኩት። ባህላዊውን ቤት ለማየት በኤረር በር በኩል ያለውን የሐረሪ የባህል ማዕከል ጎብኚ። ስትገቢ ነደባዎቹን (የመቀመጫ መደቦቹን) ቁጠሪ፣ አምስት ናቸው፤ እያንዳንዱም የሚቀመጥበት ሰው የታወቀ ነው። አስጎብኚው ካልነገረሽ «የአሚር ነደባ የትኛው ነው?» ብለሽ ጠይቂ፣ ከዚያ በኋላ ወሬው አያልቅም።

«ልጄ 12 ዓመቷ ነው፣ የሐረር ስፌት መማር ትፈልጋለች። ሙዚየም ውስጥ ትምህርት አለ? እኔ ራሴ አልችልም፣ እናቴ ሳታስተምረኝ ሞተች።»

የጥያቄሽ መጨረሻ ልቤን ነካው። ብዙ ነን እንደዚህ።

ድሮ ትምህርቱ ሞይ ጋር ነበር፣ የሥራ ቤት ማለት ነው። የሰፈር ሴት ልጆች ሙያ ያላት አንዲት ሴት ቤት እየተሰበሰቡ ይማሩ ነበር። ስፌቱን ብቻ አይደለም፤ ወሬውን፣ ዘፈኑን፣ ሥርዓቱን ጭምር። ሴት ልጅ ስታገባ ስፌቷ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፣ ለአማት ተብሎ የሚሰፋም አለ፣ ሐማት ሞት ይባላል። እንግዳ ገብቶ ቀና ሲል የሚያየው የሴቶቹን እጅ ነው።

ዘዴው ሲታይ ቀላል ይመስላል። አንዱ ሳር ተጠቅልሎ ውስጥ ይሆናል፣ ሌላው ረጠብ ተደርጎ በላዩ ይሰፋል፣ ቀዳዳውን የሚከፍተው ወስፌ ነው። ከመሃል ተነስቶ እየዞረ ይሰፋል። ችግሩ መሃሉ ላይ ነው። እኔ በ30 ዓመቴ ጎረቤቴ ካሉ እናት ጋር ቁጭ ብዬ ስጀምር መሃሏን ሦስት ጊዜ ፈቱብኝ። አቦ፣ ለቅሶ ነበር የቀረኝ! «እምብርቱ ከተጣመመ እስከ ጠርዙ ይጣመማል» አሉኝና እንደገና አስጀመሩኝ። በአራተኛው ዝም አሉ። ዝምታቸው ምርቃት ነበር።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ጀጎል ውስጥ ስፌት የሚሸጡ እናቶች ቤት ሂዱ። መጀመሪያ አንድ ግዙ፣ አትከራከሩ፤ አንዷ ስፌት የሳምንታት ሥራ ናት። ከዚያ ልጅሽ ራሷ ትጠይቅ። የምታውቂው የአፎቻ አባል ካለችም በእሷ በኩል ይቀላል፣ ሴቶቹ በሠርግም በሐዘንም የሚሰበሰቡት እዚያ ስለሆነ ማን እጇ እንደሚያምር ያውቃሉ። ሁለት ሦስት እናቶች ሆናችሁ ልጆቻችሁን አንድ ላይ ብትልኩ ለአስተማሪዋም ደህና ክፍያ ይሆናል። ክፍያውን አትርሱ፣ ሙያ ነው።

ለሙዚየሞቻችንም የምለው አለኝ። ከመስታወቱ አጠገብ አንዲት እናት ወስፌ ይዛ የምትቀመጥበት፣ አራት አምስት ልጆች የሚከቧት አንድ ጥግ ይኑር። ምንጣፍና ሳር ይበቃል። የተሰቀለውን ስፌት ያየች ልጅ ዞር ስትል ሲሰፋ ታያለች።

«ሐረር ሁሉ አላት። እኛ ድሬዎች ከባቡሩ ሌላ ምን አለን?»

ኧረ አንተ! ከከተማህ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ በስተደቡብ ያለውን ዋሻ ታውቀዋለህ? ፖርክ ኤፒክ ይባላል፣ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። ግድግዳው ላይ ሥዕል አለ። ከወለሉ ደግሞ ተመራማሪዎች በቁፋሮ ከ4,200 በላይ የቀለም አፈር ቁርጥራጮች አውጥተዋል፣ 40 ኪሎ የሚመዝን፣ የዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ ሰዎች እየፈጩ የተጠቀሙበት። ቀይ፣ ቢጫ። ባቡሩ የመጣው በ1902 ነው፤ ድሬ ላይ ቀለም መፍጨት ግን ከዚያ በፊት ስንት ሺህ ዓመት ነበር። ለጋ ኦዳም አለ፣ ከብትና ሰው የተሳሉበት ዓለት። ስትሄድ የአካባቢውን ሰው ይዘህ ሂድ፣ ፎቶው እንዲደምቅ ብለህ ግን ውኃ እንዳትረጭበት፣ ሥዕሉን ያጠፋዋል።

አንዲት ደግሞ በስልክ የጠየቀችኝ አለች፤ የአያቷን ሁለት ስፌቶች ለሙዚየም መስጠት ትፈልጋለች። ስጪ የኔ እህት፣ ግን ባዶውን አትስጪ። ማን ሰፋችው፣ መቼ፣ ለማን ሠርግ፣ ምን ይቀመጥበት ነበር፣ በወረቀት ጽፈሽ አብረሽ ስጪ። አያትሽ በሕይወት አሉ ብለሽኛል። ዛሬ ማታ ስልክሽን ይዘሽ አጠገባቸው ቁጭ በይና ድምፃቸውን ቅጂ። እኔ ቤት ከቅድመ አያቴ የመጣች አንዲት ስፌት ግድግዳ ላይ አለች። ቀይና ጥቁር ናት፣ ቀለሟ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ለማን እንደተሰፋች የሚያውቅ ሰው ግን አንድም የለም።